ዱከም በእግር

እትዬ አስካለ መሞታቸውን የሰማሁት በስልክ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ስድስት ኪሎ በምሠራበት ትንሽ ማተሚያ ቤት ተቀምጬ የሰው ጽሑፍ አርማለሁ። የማላውቀው ቁጥር ደወለ። አንዲት ወጣት፣ "አስካለ የሚባሉ ትልቅ ሴትዮ ያውቃሉ አይደል? የኮንዶሚኒየም ጎረቤታቸው ነኝ። ዛሬ ጠዋት አርፈዋል። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው" አለችኝ፤ ሌላ የምትደውልለት ሰው ስላላት ይመስለኛል፣ ቶሎ ዘጋችው።

ምሳ አልበላሁም ነበር። በእጄ የወረቀት መቁረጫ ይዣለሁ። ከኋላዬ የቆመ ሰው የለም። ይህን የምዘረዝረው ልጅቷን ለመክሰስ አይደለም። እትዬ አስካለ እዚያ ቢኖሩ ኖሮ፣ "ነይ እስቲ የኔ ልጅ፤ ውጪና እንደገና ግቢ" እንደሚሏት ስለማውቅ ነው። ሦስቱም በእሳቸው ዘንድ ጥፋት ነበር።

እትዬ አስካለ የሰፈራችን መርዶ ነጋሪ ነበሩ። ሰፈራችን ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ የነበረው፣ አሁን የፈረሰው ነው። ማንም አልሾማቸውም። አንድ ጊዜ ለአንድ ሰው በደንብ ነገሩ፤ ከዚያ በኋላ ከገጠር ክፉ ወሬ የመጣበት ሁሉ በራቸውን ማንኳኳት ጀመረ። ሥርዓት ነበራቸው። መርዶ በጠዋት ነው፤ ሰው ለማልቀስ ቀኑን ሙሉ ጉልበት ያስፈልገዋል። መርዶ ባዶ ሆድ ላይ አይነገርም። ምድጃው ይጠፋል፣ ብርጭቆው ይነሳል። ነጋሪው ከጀርባ ቆሞ መቀነቱን ወይም ቀበቶውን ይይዛል፤ የሚወድቅ ሰው ወደ ፊት ነው የሚወድቀው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቃሉ አጭር ይሁን። "'ትንሽ አሞት ነበር፣ አሁን ተሽሎታል፣ ግን…' እያላችሁ ሰውን ገደል አፋፍ ላይ አታንጠልጥሉት" ይሉ ነበር። "ስሙን ጥሩ። ሞተ በሉ። በቃ።"

አንድ ቀን ይዘውኝ ሄደዋል። "ተከተይኝ፤ መነጽርሽ ሰው ያረጋጋል" አሉኝ። ፀጉር ቤት የምትሠራ ልጅ ነበረች፤ አባቷ ጎጃም ውስጥ ሞቷል። ትኩስ ዳቦና ሻይ ይዘን ገባን። ልጅቷ ምንም ሳትጠረጥር እየበላች፣ አንዲት ደንበኛዋ ፀጉሯን ቀይ ልታስቀባ መጥታ ባሏን ፈርታ እንዴት እንደሸሸች ታወራናለች። አፏ ሞልቶ ትስቃለች። እትዬ አስካለ አብረዋት ሳቁ። አንድ ጉርሻ ቀራት። ጠበቋት። አላመጠች፤ ዋጠች። ያኔ እጃቸው ቀስ ብሎ ወደ ወገቧ ሲሄድ አየሁ።

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ሲበሩ ቆዩና፣ "ያቺ የመጨረሻዋ ጉርሻ ናት የምትገለኝ" አሉ። "ግን ያለሷ ይወድቃሉ።"

ሲበሩ ያልኩት ማጋነን አይደለም። እትዬ አስካለ መራመድ አያውቁም፤ ይበሩ ነበር። ሰላሳ ዓመት አንድ ኬክ ቤት ውስጥ ከባንኮኒ ኋላ ቆመዋል። ከመስታወቱ እስከ ገንዘብ መቀበያው ያለችው ያቺ ቦታ ናት መላ ዓለማቸው የነበረችው። ጡረታ ሲወጡ እግራቸው ተፈታ። ከዚያ ወዲያ ሲቀመጡ ያያቸው የለም። ሰው ቤት ሲገቡ አንድ እግራቸው ውስጥ፣ አንድ እግራቸው ደጅ ነው። "ተቀመጡ እንጂ" ሲሏቸው፣ "ልሄድ ነው፣ ልሄድ ነው" ይላሉ፤ እንዲያ እያሉ አንድ ሰዓት ቆመው ያወራሉ። ማኪያቷቸውን እንኳ የሚጠጡት በዚያው ኬክ ቤት፣ በደንበኛው በኩል ቆመው ነበር። "ወደ ማዶ ተሻግሬያለሁ" ይላሉ ባንኮኒውን በመዳፋቸው መታ መታ እያደረጉ።

ዱከም የሚኖር ሽመልስ የሚባል አንድ ወንድም ነበራቸው። ወፍጮ ቤት አለው፤ ዱቄት የነካው ትልቅ ሰውዬ ነው፤ ሳቁ ከሰውነቱ ይበልጣል። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚገናኙት በባቡር ነበር። ከለገሃር ተሳፍረው ወርደው፣ አድረው፣ ይመለሳሉ። ባቡሩ ከቆመ በኋላ መንገዱም አብሮ የቆመ ያህል ሆነ። እትዬ አስካለ ሚኒባስ አይወዱም፤ ተጨናንቆ መቀመጥ ነፍሳቸውን ያወጣዋል። ወንድማቸው ደግሞ ወፍጮውን ጥሎ አይመጣም። "ባቡሩ ከቆመ ወዲህ ሽመልስን የማየው በሰርግና በልቅሶ ነው" ይሉ ነበር።

አንድ የገና ዕለት በስልክ ሲጨቃጨቁ ሁላችንም ሰማን፤ ስልኩን ድምፁን ከፍተው ነው የሚያወሩት።

"ለምን አትመጪም?"

"በምን ልምጣ?"

"በእግርሽ ነዪ! ሐዲዱ እንደሆነ አለ፤ ባቡሩ ነው የጠፋው።"

"እመጣለኋ!"

"አንቺ?" ሳቁ ክፍሉን ሞላው። "አንቺ ከባንኮኒ ኋላ የበቀልሽ ዛፍ ነሽ! ዛፍ መቼ ተራምዶ ያውቃል? ዱከም በእግርሽ ከመጣሽ በግ አርድልሻለሁ።"

ሌላ ሰው ቢሆን አብሮ ስቆ ይተወዋል። እትዬ አስካለ ግን በማግስቱ ጠዋት በሬን አንኳኩ። "አንቺ ካርታ ማንበብ ትችያለሽ" አሉኝ። ካርታ የማውቀው ከሰላሳ ዓመቴ በኋላ በማታ ትምህርት፣ የጂኦግራፊ ፈተና ላይ ነው። ግን ለአንድ ነገር "አዎ" ካልኩ በደንብ ነው የምይዘው፤ ይህን ያውቃሉ።

ዓመቱን ሙሉ አቀድን። ሐዲዱ ከተማው ውስጥ አብዛኛው ተገንብቶበታል፤ ስለዚህ ከአቃቂ እንነሳ ተባለ። አቃቂና ዱከም ያለ ሰው ሁሉ እየደወልን ጠየቅን፤ የቱ ጋ ሐዲዱ ተነቅሏል? የቱ ጋ ቤት ተሠርቶበታል? የቱ ጋ ክፉ ውሻ አለ? አንድ ድልድይ አደገኛ ነው አሉን፤ ተጋዳሚ ብረቶቹ ተሰርቀዋል። በታች በኩል መሻገሪያ መንገድ እንዳለ ሲነግሩን እሱን ያዝን። እትዬ አስካለ በዚህ መሃል ከልባሽ ጫማ መደብር የወንድ ስኒከር ገዝተው፣ ጎህ ሲቀድ ቸርችልን እስከ ለገሃር ወርደው ዳገቱን መውጣት ጀመሩ። አብሬያቸው እሄዳለሁ፤ ቁልቁለቱ ላይ እደርስባቸዋለሁ፣ ዳገቱ ላይ ጥለውኝ ይሄዳሉ።

ከኛ ጋር የምትሄደው ፋናዬ ነበረች፤ ጨርቅ መሸጫ ሱቅ ያላት ጎረቤታችን፣ የመቀሌ ልጅ። "አስካለዬ፣ ለምን ብስክሌት አንከራይም? መንገዱ ሜዳ ነው አሉ" አለቻቸው አንድ ቀን።

"ብስክሌት መቀመጫ አለው" አሉ እትዬ አስካለ። ወሬው በዚያው አለቀ።

ጋሽ ዘውዴ ግን እንደማይሄዱ ከመጀመሪያው ተናግረዋል። ጎረቤታችን፣ የቀድሞ የታክሲ ሹፌር ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ምላሳቸውን ግን አላመመውም። "ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ያመላለስኩት በእግሬ ልሄድ ነው?" ይላሉ የኬክ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ተደግፈው። "ሌላው ሰው በስተርጅና ገዳም ይገባል። አስካለ ሐዲድ ገባች።"

"አንተ ዝም በል፤ ከመሪ ኋላ የበቀልክ ዛፍ!"

"ዛፍስ ጥላ አለው። አንቺ ጥላሽም አይከተልሽም፣ ደክሞት ቀርቷል።"

ቀኑ ሦስት ጊዜ ተላለፈ። አንዴ የፋናዬ ማኅበር ሆነ። አንዴ ስኒከሩ ተረከዛቸውን ላጠው። አንዴ ደግሞ በዚያው ጠዋት መርዶ የሚነግሩት ሰው መጣ፤ ቦርሳቸውን አውርደው፣ ዳቦ ገዝተው ሄዱ። በየጊዜው ሽመልስ ይደውላል። "ዛፏ እንዴት ናት? ሥር ሰደደች?" እትዬ አስካለ ስልኩን ከዘጉ በኋላ ጎርደድ ጎርደድ እያሉ በግቢው ይዞራሉ። የሚያበሳጫቸው ቀልዱ አልነበረም። አንድ ጊዜ ብቻቸውን ሆነው፣ "በእውነት አትመጣም ብሎ ነው የሚያስበው" ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። በመጨረሻ ከጥምቀት በኋላ ያለው ሁለተኛው ቅዳሜ ተቆረጠ።

ዓርብ አመሻሽ ላይ የሽመልስ ሚስት ለፋናዬ ደወለች። ሽመልስ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ እንደቆመ ወድቆ ሞቷል። ቀብሩ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ፋናዬ ሱቅ ውስጥ፣ በግማሽ በተዘጋው በር ሥር፣ እኔና እሷ ጋሽ ዘውዴን እያየን ቆምን። ለመርዶ ነጋሪ መርዶ የሚነግር ማን ነው? ማናችንም ነግረን አናውቅም፤ ሁልጊዜ እሳቸው ነበሩ።

ጋሽ ዘውዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጠራቸው። "እኛ የምናውቀው ከእሷ የተማርነውን ነው" አሉ። "እንደ እሷ እናድርግ። በጠዋት፣ በልታ፣ በአጭሩ። እኔ ሚኒባስ አመጣለሁ።"

አልጋዬ ላይ እንደተገላበጥኩ ነጋ። ማለዳ ደጃቸው ስንደርስ እትዬ አስካለ ቆመዋል፤ ስኒከራቸውን አስረዋል፣ መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገዋል፣ ትንሿን ቦርሳ አንግበዋል። ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ ልገልጸው አልሞክርም።

"ዛሬስ ቀደማችሁኝ!" አሉ። "ፋናዬ፣ ይሄ ዳቦ ምንድን ነው? በሶ ይዘን የለም እንዴ?"

"ቁርስ ነው። ብዪ አስካለዬ።"

"በመንገድ እንበላዋለን።"

"አይ፣ አሁን፣ እዚሁ ብዪ ሓፍተይ፣ እህቴ።"

ጋሽ ዘውዴ ጎንበስ ብለው የኤሌክትሪክ ምድጃውን ሶኬት ነቀሉ። ማሰሮው ገና መፍላት መጀመሩ ነበር። እኔ ወደ ኋላቸው ዞርኩ። እትዬ አስካለ ዳቦውን አዩ። ጋሽ ዘውዴን አዩ፤ አልሄድም ብለው የማሉትን ሰውዬ፣ በማለዳ፣ ነጠላ ለብሰው። ከዚያ ቀስ ብለው ዞረው እኔን አዩኝ። እጄ ወገባቸው አጠገብ ነበር።

"ማን ነው?" አሉ።

ፋናዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

"ዘውዴ፣ አታንጠልጥለኝ። ማን ነው የሞተብኝ?"

"ሽመልስ" አሉ ጋሽ ዘውዴ። "ሽመልስ ሞተ።"

መቀነታቸውን ጨበጥኩ። አልወደቁም። እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ቆሙ። የፋናዬ ልቅሶ ሲወጣ እጃቸውን አንስተው አስቆሟት።

"ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?"

"ዘጠኝ ሰዓት።"

"እንደርሳለን" አሉና ዳቦውን ከፋናዬ እጅ ወስደው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ጋሽ ዘውዴ የሰሙትን ያመኑ አልመሰሉም። "ሚኒባሱ በር ላይ ቆሟል፤ ከሁለት ሰዓት ተኩል በፊት ዱከም እናደርስሻለን።"

"አቃቂ ያድርሰን። ከዚያ በአስፋልቱ ሄዶ ዱከም ይጠብቀን።"

"አብደሻል? እህቱ በቀብሩ ቀን ስትንሸራሸር ሰው ምን ይላል?"

"ሰው ያሻውን ይበል። ሽመልስ ዛፍ ነሽ እንዳለኝ ነው የሞተው። አትመጣም ብሎ ነው የሞተው።" ድምፃቸው እዚህች ላይ ብቻ ተሰነጠቀ። "በመኪና ከሄድኩ ልክ ነበር ማለት ነው።"

"ሬሳ አይጠብቅም፣ አስካለ!"

"እኔም አልዘገይም።"

ጋሽ ዘውዴ ወደ እኔ ዞሩ፤ አስተዋይ ሰው ፍለጋ ነበር። መንገዱ በደህና ቀን እስከ ስድስት ሰዓት እንደሚያደርሰን፣ በየመሃሉ አስፋልቱ ቅርብ ስለሆነ ሲያቅተን ሚኒባሱን ደውለን መጥራት እንደምንችል ነገርኳቸው። የሰው ጽሑፍ ሳርምም እንደዚያው ነኝ፤ የጠየቁኝን ብቻ ነው የመለስኩት። ጋሽ ዘውዴ ግን እንደ ከሃዲ አዩኝ። "በሉ እንግዲህ" አሉና ጫማቸውን ማጥበቅ ጀመሩ።

"አንተ ወዴት ነህ?" አሏቸው እትዬ አስካለ።

"ከመሪ ኋላ የበቀልኩት ዛፍ ነኛ" አሉ ጋሽ ዘውዴ። ጉልበታቸው ሲታጠፍ ተንቋቋ።

ከአቃቂ ተነሳን። ሐዲዱ አንዳንድ ቦታ እንዳለ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ሣር በልቶታል፤ አንዳንድ ቦታ ሰው ልብስ አስጥቶበታል። አንዱ ጋ በሁለቱ ብረቶች መሃል የጎመን መደብ ነበር፤ በዳር በዳር እየረገጥን አለፍነው። እትዬ አስካለ ከፊት ናቸው። አያለቅሱም፣ አያወሩም፣ ውሃ እንኳ ቆመው አይጠጡም። ፋናዬ በየመሃሉ በትግርኛ እያንጎራጎረች ታለቅሳለች። ጋሽ ዘውዴ ከኋላ፣ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ አንድ እርግማን ያወርዳሉ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፣ መንገዱን አያለሁ፣ ጀርባቸውን አያለሁ። ውስጤ አንድ ነገር "ፈጠን በሉ" ይላል፣ ሌላው "ቀስ በሉ፣ ይወድቃሉ" ይላል። በዚያ ቀን ከእግሬ ይልቅ ልቤ ነው የደከመው።

ከእኩለ ቀን በፊት ያ የተፈራው ድልድይ ጋ ደረስን። በታች በኩል ነው የተባለው መሻገሪያ የለም፤ አዲስ የፋብሪካ አጥር ዘግቶታል። ዘበኛው በጣቱ ሩቅ አሳየን። "በዚያ ዙሩ። አንድ ሁለት ሰዓት ቢወስድባችሁ ነው።"

"ይኸውልሽ ካርታሽ" አሉኝ ጋሽ ዘውዴ። ስልኬን አወጣሁ፤ ሚኒባሱን ልጠራ ነው። እትዬ አስካለ ግን ድልድዩ ላይ ወጥተዋል።

ረጅም ድልድይ አይደለም። ከታች ወንዙ ደርቋል፤ ድንጋዩ ግን ሩቅ ነው። ሐዲዱ አለ፣ ተጋዳሚ ብረቶቹ ግን እንደ ጥርስ ወላልቀዋል። እየመረጡ ረገጡ፤ እግር፣ ብረት፣ እግር፣ ክፍተት። መጥራት ፈራን። መሃሉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ፋናዬ ክንዴን ጨመቀችው።

እትዬ አስካለ ሳቁ።

"እዚህ ነው!" ብለው ጮኹ። "ባርኔጣው የወደቀው እዚህ ነው! አባታችን አዲስ ባርኔጣ ገዝቶለት፣ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ነፋስ ወሰደው። ዱከም እስክንገባ አለቀሰ። 'ባቡሩን አስቁሚልኝ' ይለኛል፤ እኔ ላስቆምለት!"

ከዚያ ተቀመጡ። ሐዲዱ ላይ፣ በድልድዩ መሃል፣ እግራቸውን ወደ ባዶው አንጠልጥለው። በዚያ ሁሉ ዓመት በገዛ ፈቃዳቸው ተቀምጠው ያየኋቸው ያኔ ብቻ ነው። ልቅሶው የመጣው ሲቀመጡ ነው፤ ለካ ሲሸሹት የኖሩት ይህንን ነበር። የሽመልስን ስም እየጠሩ ሲያለቅሱ ድምፃቸው ከታች ከደረቁ ወንዝ ተመልሶ ይመጣ ነበር።

እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም። ከኋላቸው ደርሼ መቀነታቸውን ያዝኩ፣ ፋናዬ ደግሞ የእኔን ያዘች። ሲበቃቸው ቦርሳቸውን ፈተው ያን የጠዋቱን ዳቦ አወጡ። ለሦስታችን ቆረሱ።

"ብሉ" አሉን። "ዛሬ ቅደም ተከተሉ ተገለባበጠ፤ ይሁን።"

ጋሽ ዘውዴ ከማዶ፣ "እኔን እዚህ ልትቀብሩኝ ነው?" ብለው ጮኹ። በመጨረሻ እንደ ሕፃን ተቀምጠው እየተንፏቀቁ ተሻገሩ፤ ሱሪያቸው ዝገት በዝገት ሆነ። "ይህን ያየ ሰው ለማንም እንዳይነግር" አሉ። ዛሬ ነገርኩ፤ ይቅር ይሉኛል።

ዱከም ስንደርስ የልቅሶውን ድንኳን ያየነው ከሐዲዱ ላይ ሆነን ነው። ሬሳው አልወጣም ነበር። እትዬ አስካለ አቧራ ለብሰው፣ በወንድ ስኒከር፣ ከአራት ወገን የሚመጣውን ዋይታ ሰንጥቀው ገቡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ተገቱ። ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ጥግ አንድ ሙክት በግ ታስሮ ሣር ያኝካል። ልቅሶ ቤት የታሰረ በግ እንግዳ ነገር አይደለም፤ እሳቸው ግን ዓይናቸውን አልነቀሉለትም።

የሽመልስ ሚስት አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። "ትናንት ጠዋት ነው የገዛው" አለች እያለቀሰች። "'በዚህ ዋጋ ለምን ትገዛለህ፣ ባትመጣስ?' አልኩት። 'አስካለን አታውቂያትም፤ ትመጣለች' አለኝ። ሣር እየሰጠው ነው የወደቀው።"

እትዬ አስካለ ሬሳው ያለበት ክፍል ገብተው ራስጌው ላይ ቆሙ። "ሽመልስ" አሉት፣ ስልክ ላይ እንደሚያወሩት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "መጥቻለሁ። በእግሬ ነው። አላምንም ካልክ እነዚህን ጠይቃቸው።" በእጃቸው ወደ እኛ አመለከቱ። ሦስታችንም በሩ ላይ እንደተጠራ ምስክር ቀጥ ብለን ቆምን።

በጉን አላሳረዱም። "የሚያርድልኝ እሱ ነበር" አሉ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ በሐዲዱ ይሄዱ ነበር፤ ሰፈራችን ፈርሶ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ከገቡ በኋላም አልተዉም። ድልድዩን ግን ዙሪያውን እንዞረው ነበር። በጉ እንደ ሽማግሌ ተከብሮ ኖረ፤ ጋሽ ዘውዴ "ሙሽራው" ይሉታል። በእርጅና ሲሞት የሽመልስ ሚስት ለጋሽ ዘውዴ ደወለች። እሳቸውም ወሬውን በስልክ አላስተላለፉም፤ በማለዳ ዳቦ ገዝተው ኮንዶሚኒየሙ ድረስ ሄዱ፣ አስበሏቸው፣ ከኋላ ቆመው መቀነታቸውን ያዙና "በጉ ሞተ" አሏቸው። እትዬ አስካለ እስኪያነቡ ሳቁ። "አንተስ ሞያ ለመድክ" አሏቸው።

ማክሰኞ ያ ስልክ ከተደወለ በኋላ ለጋሽ ዘውዴ መደወል እችል ነበር። አሁን የሚኖሩት አፍንጮ በር፣ ከልጃቸው ጋር ነው። ለልጃቸው ነግሬ እንድትደብቃቸው አደረግኩ። ረቡዕ ማለዳ ዳቦው ገና ትኩስ ሳለ ገዝቼ ሄድኩ። 

በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ይሰማሉ። ፌስታሉን አዩ። እኔን አዩኝ።

"መቼም በግ አይደለም" አሉ።

 ሬዲዮውን ዘጉ። ዳቦውን ከእጄ ተቀብለው፣ ጉልበታቸው ላይ አኑረው፣ መቁረስ ጀመሩ። የሻይ ብርጭቋቸውን አነሳሁ። ከኋላቸው ዞሬ ቆምኩ። ከታች የታክሲ ረዳቶች ይጣራሉ፤ እሳቸው ቀስ ብለው ያኝካሉ፣ ደግመው ይቆርሳሉ። አንዲት ጉርሻ ቀረች። ረጅም ጊዜ በእጃቸው ይዘዋት ቆዩ። ከዚያ ጎረሷት፣ ዋጧት፣ እጃቸውን አራገፉ።

"ጨረስኩ" አሉ። "በይ፤ አታንጠልጥይኝ።"

ስማቸውን ጠርቼ ነገርኳቸው። ቀበቷቸው እጄ ውስጥ ከበደ፤ አልለቀቅኩም።